መንኰራኵርና ተራራ፦ አሮጌ ተሽከርካሪን ለላስታ መንገድ የማሰናዳት ታሪክ

ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ለደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ላሊበላ የሚቀረው ርቀት በካርታ ላይ ሲታይ ኢምንት ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ ነው የሚበልጠው። ዳሩ ግን በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ መንገዱ 3,000 ሜትር ከሚጠጋው የዋድላ ደጋ ተነሥቶ የተከዜ ምንጮች ወደሚፈሱበት ሸለቆ ይወርዳል፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከ1,950 ሜትር አካባቢም እንደገና ሽቅብ ታጥፎ 2,500 ሜትር ላይ ወደተቀመጠችው ከተማ ይወጣል። ከከተማይቱ በላይ አሸተን ማርያም፣ ከአሸተንም በላይ ከ4,200 ሜትር የሚዘልቀው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው የአየር ጠባይ ሁሉ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ተደራርቦ የሚገኝበት አገር ነው።

እንዲህ ባለው ምድር ላይ መንኰራኵር እንግዳ መሆኑ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ እንግዳ ሆኖ ሳለ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ደጋግሞ መምጣቱና በመጣ ቁጥርም እንደመጣ ሳይሆን ተለውጦ፣ ተሸርፎና ተጨምሮበት ማገልገሉ ነው። ይህ ታሪክ በአብዛኛው ያልተጻፈ ነው። የመንገድ ሥራ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ድልድይና ስለ ቁርጥ ድንጋይ ይነገራል፤ የትራንስፖርት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ድርጅቶችና ስለ ተሽከርካሪ ብዛት ይነገራል። በመካከሉ ያለው ሰው፣ ማለትም ለሌላ አገር ታስቦ የተሠራ አሮጌ መኪና ተቀብሎ ለዚህ ዳገት የሚያሰናዳው ባለሙያ፣ ከሁለቱም ታሪክ ውጭ ቀርቷል።

አስቀድሞ ስለ በቅሎ መናገር ይገባል። በቅሎ የተፈጥሮ እንስሳ ብቻ አይደለችም፤ ሰው አስቦ ያዘጋጃት የመንገድ መሣሪያ ናት። ከሰናር አህያ ጠንካራ ሰኰናንና ጥንቃቄን፣ ከባዝራ ቁመትንና ጕልበትን አጣምሮ ለገደል አፋፍ የሚሆን አንድ ፍጡር ማስገኘት፣ ዛሬ መሐንዲሶች ከአንዱ ሞተር ከሌላው ማርሽ ወስደው እንደሚያገጣጥሙት ያለ አሳብ ነው። ዕቃዋም እንደዚሁ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ነው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው መደላድል የጀርባዋን ቆዳ ከመላላጥ ይጠብቃል፤ መጫኛው ጭነቱን ከግራና ከቀኝ አመዛዝኖ ያስራል። ከ80 እስከ 100 ኪሎ የሚደርስ ጭነት በዚህ አኳኋን ተጭኖ ከሰቆጣ የጨው ገበያ እስከ ላስታ ደጋ ድረስ ሲመላለስ ኖሯል። ሲራራ ነጋዴ መንገድ አይሠራም ነበር፤ መንገዱን የሚያውቅ እግር ያለው እንስሳ ነበረውና።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በቆየበት ዘመን ላሊበላን ያየው በዚሁ በበቅሎ መንገድ ተጕዞ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን በታተመ ጊዜ፣ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈውን አንባቢ አያምነኝም ብሎ መሥጋቱን ገልጿል። ከእርሱ በኋላ በአራት መቶ ዓመት ውስጥ የመጡ እንግዶችም ቢሆኑ የተጓዙት በዚያው መንገድና በዚያው ፍጥነት ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ድንጋይ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ዱካ ነው እየተባለ ለምእመናን የሚታየው ምልክት፣ የላስታ ሰው መንገድን ሲያስብ ኮቴን እንጂ ጎማን እንዳላሰበ ይመሰክራል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መንኰራኵር በዚህ ደጋ ላይ በትልቁ የተፈተነው በ1860 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ሠራዊት፣ አንዱ ከምዕራብ አንዱ ከሰሜን፣ ወደ መቅደላ አመሩ። ሁለቱም ከባድ መሣሪያ ይዘው ነበር። ችግሩ አንድ ሆኖ ሳለ መፍትሔያቸው የተለያየ በመሆኑ፣ ለዛሬ ባለሙያም ትምህርት የሚሆን ነገር አለበት።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ያሠሩትን መድፍና በተለይም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ ላይ ጭነው በዓመቱ መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ። የሚያልፉበት አገር የሠረገላ መንገድ ፈጽሞ አልነበረውም። ስለዚህ ተራራውን ለመንኰራኵሩ ማስተካከል ግድ ሆነ። ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ታለፉ። ሴባስቶፖልን ለመጎተት በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። መሣሪያው ተኩሶ ባይጠቅምም፣ መንገዱ ግን እውነተኛ የመሐንዲስ ሥራ ነበር።

ጄኔራል ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር በበኩሉ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወርዶ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የምድር ባቡር ሐዲድ ቢዘረጋም፣ ወደ ደጋው ከዘለቀ በኋላ ሠረገላውን እየተወ ጭነቱን ለእንስሳት አስረከበ። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ትላልቆቹን መድፎች ተሸከሙ፤ ትናንሾቹ የተራራ መድፎች ግን ገና ሲሠሩ ጀምሮ እንዲፈታቱ ተደርገው የተዘጋጁ ስለነበሩ፣ አፈሙዙ በአንድ በቅሎ፣ እግሩና መንኰራኵሩ በሌሎች በቅሎዎች ላይ ተጭነው በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብና በላስታ ምሥራቃዊ ደጋ በኩል አለፉ። እዚህ ላይ ተራራው አልተነካም። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሠራዊት ዋድላ ላይ ሲደርስ ቴዎድሮስ ያስጠረጉትን መንገድ አገኘና ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ የወረደው በዚያው በንጉሡ መንገድ ነው። ጠላት የጠረገውን መንገድ ጠላት ተጠቀመበት።

እንግዲህ መንገዱን ለተሽከርካሪው ማበጀትና ተሽከርካሪውን ለመንገዱ ማበጀት ሁለት የተለያዩ የሥራ ዘርፎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ሕዝብና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ጥቂት ብልሃተኞችን። ገንዘብ በሌለበት ዘመን ሁሉ የላስታ ደጋ የኖረው በሁለተኛው ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስለገቡት ተሽከርካሪዎች ብዙ ስለተነገረ እዚህ መዘርዘር አያሻም። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያስጎተተው፣ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ብሎ የሰየመው የመንገድ መዳመጫ፣ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነድቶ ያስገባው አውቶሞቢል፣ ሁለቱም የመጀመሪያ ትርዒቶች ነበሩ። ወደ ሰሜኑ ደጋ ግን አልደረሱም።

የሚደርስ መንገድና መኪና የመጣው ከጠላት ጋር ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረበት ጊዜ ከአሥመራ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልድያ አድርጎ ደሴ የሚደርሰውን መንገድ ለጦሩ ሲል ሠራ። ላሊበላ ከዚህ ጎዳና በስተምዕራብ በተራራ ተጋርዳ ቀረች። በዚያ ጎዳና ላይ ከሚመላለሱት መኪናዎች ዋነኛው ፊያት 634 ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው ይህ የጭነት መኪና በኢትዮጵያ ውስጥ ትሬንታ ኳትሮ በሚለው ስሙ ይታወቃል፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ጠላት ከወጣም በኋላ ሹፌሮችና መካኒኮች እያደሱ ለረጅም ዓመታት አገልግለውበታል። መለዋወጫው ከፋብሪካ መምጣቱ ሲቋረጥ፣ አንዱ መኪና ለሌላው መለዋወጫ ሆነ። የአሮጌ መኪና ማሻሻል ሙያ በኢትዮጵያ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙያው የት እንደተወለደ ቋንቋው ራሱ ይናገራል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ናፍጣ፣ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ተብሎ ቀርቷል። ጠላት በአምስት ዓመት ውስጥ የተወው ሕንፃ ብዙው ፈርሷል፤ የጋራዥ ቃላቱ ግን አንድም ሳይጎድል ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። በእነዚህ ቃላት የሚነጋገረው መካኒክ ኢጣልያንኛ አያውቅም፤ ቃላቱም ዛሬ የእርሱ ናቸው። ጎማውም ቢሆን ሥራው በመኪና ላይ አላበቃም። ካለቀ በኋላ ተቈርጦ በረባሶ ሆኖ የገበሬው መጫሚያ ሆኗል። መኪና ባልደረሰበት የላስታ አቀበት ላይ ጎማ ቀድሞ የወጣው በሰው እግር ነው።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ታደሱ። ላሊበላ ግን ለተጨማሪ ዓመታት በበቅሎ ብቻ የምትደረስ ከተማ ሆና ቆየች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዲ.ሲ. 3 አውሮፕላኖቹ ከላሊበላ በታች ባለው ሜዳ ላይ በሣሩ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ስለዚህ በላሊበላ ታሪክ ውስጥ አውሮፕላን ከመኪና ጋር የተሽቀዳደመበት ጊዜ ነበር፤ ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ በቅሎ ላይ ይወጣ ነበርና። ክረምት ሲገባ ሜዳው ስለሚጨቀይ በረራው ይቋረጥ ነበር። ከዱንከርክ እስከ ደልሂ በብስክሌት ተጕዛ ስሟ የታወቀው አየርላንዳዊት ዴርቭላ መርፊ እንኳ በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ደጋ ስታቋርጥ የመረጠችው ብስክሌት ሳይሆን በቅሎ ነው። መንኰራኵርን የሚያውቅ ሰው መንኰራኵርን የተወበት ምድር ነው።

ይህን የለወጠው ላንድ ሮቨር ነው። የዚህ መኪና አፈጣጠር ራሱ የማሻሻል ታሪክ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ የሚሠራበት ከጦር የተረፈ አሮጌ የአሜሪካ ጂፕ ነበረው። ጂፑ ሲያረጅ ምን ሊተካው እንደሚችል ሲያስብ፣ ራሱ ሊሠራው አሰበ። የመጀመሪያው ሙከራ የተገጣጠመው በጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። ብረት በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ ይህም ለዝገት የማይበገር አደረገው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። ለጊዜው ማለፊያ ይሆናል ተብሎ የተሠራው መኪና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዓለም ተራሮች ላይ ሲሠራ ኖረ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ላሊበላ እየታወቀች ሄደች። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው የጥገና ሥራ ለስድስት ዓመት ያህል ተካሄደ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈሩ። ባለሙያ፣ ሲሚንቶ፣ እንግዳና መድኃኒት ከአውሮፕላን ሜዳው ወደ ከተማ፣ በበጋም ከወልድያ በድልብና በኩልመስክ በኩል የሚያደርሱት ላንድ ሮቨሮች ነበሩ። ቻይናውያን ባለሙያዎች የወልድያና የወረታን ጎዳና፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለውን፣ ከሠሩ በኋላ ደግሞ የጋሸናው መገንጠያ ዋና በር ሆነ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ የመጣ፣ በኋላም በደርግ ዘመን የተፈጸመ ሥራ ነው። ቴዎድሮስ ቋጥኝ ያስፈለጡበት ደጋ በዲናሚትና በመዳመጫ ተሻገረ።

ታዲያ ላንድ ሮቨሩ እንዳለ አልተተወም። ከፋብሪካ የወጣው ለእንግሊዝ እርሻ፣ ለባሕር ጠለል አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተሩ ግን አየሩ እንደቀነሰ አያውቅም፤ በባሕር ጠለል ልክ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ከዚህም የተነሣ ጥቁር ጢስ፣ የጠቈረ ካንዴላና ከልክ ያለፈ ፍጆታ ይመጣል። መድኃኒቱ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ አነስ ባለ መለወጥ ነው። ውኃም በዚህ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ዳገቱ ሳያልቅ መኪናው ይቆማል። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ይግላል፤ የቀድሞ ሹፌሮች ወርቃማ ሕግ በወጡበት ማርሽ መውረድ ነበር።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የጋራዥ ፈጠራ ነው። በባሌስትራው ላይ ከጭነት መኪና የተወሰደ ተጨማሪ ቅጠል መደረብ፣ የተሰነጠቀ ሻንሲን በብረት ማቀፍ፣ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ የሚመልስ ወፍራም ላሜራ ማሰር፣ ቤንዚን በሚወደድበት ጊዜ የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የሌላ መኪና ናፍጣ ሞተር መትከል፤ ለዚህም ሁለቱን የሚያገናኝ ሳህን በቶርኖ ማስወጣት። ብረቱ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ይመጣል፤ ልኩ በካሊፐር ሳይሆን ብዙ ጊዜ በዓይን ይወሰዳል። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚደነቅ ብልሃት አለ፤ የሚያሳስብም ነገር አለ። የተጨመረው ባሌስትራ መኪናው የሚሸከመውን እንጂ ፍሬኑ የሚያቆመውን ክብደት አይጨምርም። ስድስት ሰው ለማቆም የተሠራ ፍሬን ዐሥራ ሁለት ሰው ይዞ በላስታ ቁልቁለት ሲወርድ፣ የማሻሻሉ ዋጋ የሚከፈለው በማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የሙያውን ክብር ለሚያስቡ ሁሉ ይህ የቈየ ቁስል ነው፤ ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚመረምረውና በፊርማው የሚያረጋግጠው ሰው ብዙ ጊዜ አልነበረምና።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ፣ ከዚያም በ1977ቱ፣ የዚህ ጕዳይ ክብደት በግልጽ ታየ። እህሉ ወልድያና ቆቦ ደርሶ ሳለ ከጎዳና የራቀው ሰው ጋር ለመድረስ የቀረው ዐሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር የሕይወትና የሞት ርቀት ሆነ። የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፤ የጭነት ከብቱም በድርቁ አልቆ ነበር። በሁለቱ ዘርፎች መካከል ክፍተት እንዳለ ከዚያ ዘመን የበለጠ ያሳየ ጊዜ የለም። ረኃቡ ካለፈ በኋላም ክፍተቱ አልተደፈነም። በላስታ ተራራ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ዛሬም ብዙ ጊዜ በቃሬዛ ናት ወደ መኪና መንገድ የምትወርደው፤ ስምንት ወይም ዐሥር ጐረቤት እየተፈራረቀ ይሸከማታል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚችል መሣሪያ በሌላው ዓለም የተፈጠረው ለጨዋታ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 በመሐንዲሱ ኦሳሙ ታኬውቺ አማካይነት ባለ ሦስት ጎማ አነስተኛ ሞተር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። አሳቡ የመጣው የአሜሪካ ነጋዴዎች ሞተር ብስክሌት በማይሸጥበት በክረምት የሚሸጡት ነገር በመፈለጋቸው ነው። ምሥጢሩ ያለው በጎማው ላይ ነው። የላንድ ሮቨር ጎማ በአንድ ካሬ ኢንች 25 ፓውንድና ከዚያ በላይ ግፊት ሲይዝ፣ ይህኛው ሁለትና ሦስት ፓውንድ ብቻ ይዞ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል። በጭቃም ሆነ በአሸዋ ላይ አይሰጥምም፤ ዋልካውን አያርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሱዙኪ ባለ አራት ጎማውን አስከተለ። ዛሬ ኤ.ቲ.ቪ. የሚባለው ተሽከርካሪ ዘር ይህ ነው። ባለ ሦስቱ ጎማ ግን በመገልበጡ ብዙ ሰው ስለጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ መንግሥት ከአምራቾቹ ጋር ባደረገው ስምምነት መሸጡ ቆመ።

የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ኤ.ቲ.ቪ. አድሶ ማሻሻል በውጭ አገር የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ለምሳሌ ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2000 የሠራው ባለ 300 ሲ.ሲ. ባለ አራት ጎማ ጎታች ሞተር፣ ሰንሰለት የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ለዳገት ልዩ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው በመሆኑ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ትልቅ ጎማ መግጠምና ከፍ ማድረግ ነው። ለላስታ ይህ ትክክል መሆኑን በሒሳብ መመርመር ያስፈልጋል። የ24 ኢንች ጎማ አውጥቶ የ26 ኢንች የሚገጥም ሰው፣ ጎማው መሬቱን የሚገፋበትን ኀይል ስምንት ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ላሊበላ ላይ ሞተሩ አስቀድሞ ከመቶ ሰባ አምስት ብቻ ስለቀረው፣ ከሁለቱ በኋላ የሚተርፈው ስድሳ ዘጠኝ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ትከሻ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከስድሳም ይወርዳል። ስለዚህ ጎማው ከመለወጡ በፊት ማርሹ መቀነስ አለበት።

ከፍ ማድረጉ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የጎማዎቹ ስፋት ግማሽ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ተሽከርካሪው የሚገለበጠው ጎኑ ወደ 42 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ማዕከሉን ዐሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢያደርጉት ወደ 37 ዲግሪ ይወርዳል። ነጂው ሰውነቱን ሲያዘነብል፣ ከኋላም ሰው ሲጫን ይህ ይበልጥ ይቀንሳል። በላስታ የእግር መንገድ ላይ ተራራውን በጎኑ የሚያቋርጥ ሰው እነዚህን አምስት ዲግሪዎች ይፈልጋቸዋል። ለዚህ አገር የሚገባው ማሻሻል ሌላ ነው፤ ቀዳዳው የጠበበ ካርቡሬተር፣ የቀነሰ ማርሽ፣ ከሥሩ የብረት መከላከያ፣ በእርጥብም በደረቅም የሚይዝ ፍሬን፣ ከኋላም በሽተኛ የሚያስተኛ ዝቅ ያለ ተጎታች። ለዓይን የሚማርክ ነገር የለበትም።

ለጨዋታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አቡነ ዮሴፍ የጓሳና የጅብራ፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በውርጭ አገር የተላጠ ሣር በቀላሉ አይመለስም። ሕመምተኛ ለማውረድ የተፈቀደ መንገድ ለሩጫ መፈንጫ እንዳይሆን መለየት የሚያስፈልገው ተሽከርካሪው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ላሊበላ ባለ አራቱን ጎማ ስትጠብቅ የመጣው ባለ ሦስቱ ነው። ባጃጅ ከሩቅ ሲታይ ከዚህ ታሪክ ጋር የማይገናኝ ቢመስልም፣ እርሱም የማሻሻል ልጅ ነው። የኢጣልያው ፒያጆ ቬስፓን ስኩተር ከኋላ በሁለት ጎማ አድርጎ፣ ላንድ ሮቨር በታየበት በ1948 እ.ኤ.አ. የጭነት ባለ ሦስት ጎማ ሠራ፤ ሕንዶች በፈቃድ ወስደው ለሰው ማመላለሻ አደረጉት፤ ከሕንድ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ስሙም የፋብሪካው ስም ሆኖ ሳለ እንደ ጎማና ፍሬን የአገር ቃል ሆኗል። በላሊበላ ኮብልስቶን ዳገት ላይ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሩ እያቃሰተ ሲወጣ የሚያይ ሰው፣ ከሩብ ኀይሉ ተቀንሶ የሚሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል። ልዩነቱን የሚሞሉት የከተማዋ ወጣቶች ናቸው፤ ካንዴላውን ማጽዳት፣ ፍሪሲዮኑን ማጥበቅ፣ ከፊት ሞላው ላይ መጨመር በመንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ ሆኗል።

አሁን ያለው ሁኔታ ይህን ሙያ ከዳር ወደ መሐል እየገፋው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በሌላ አሮጌ አይተካም። ወይ ይታደሳል፣ ወይ ይቆማል፣ ወይም ሞተሩ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ይለወጣል።

የመጨረሻው ለላስታ ከተራ ወሬ ያለፈ ትርጉም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ በ4,000 ሜትርም የባሕር ጠለል ጕልበቱን ይዞ ይቈያል። ከዜሮ ፍጥነት ጀምሮ ሙሉ ጕልበቱን ስለሚሰጥ ፍሪሲዮን የሚያቃጥል ዳገት አያስቸግረውም። ቁልቁለቱም ትርፍ ይሆናል። ከነሰዎቹ 600 ኪሎ የሚመዝን ባለ ሦስት ጎማ ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው 550 ሜትር ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሹ ብቻ ወደ ባትሪው ቢመለስ፣ ዛሬ ፍሬን አግሎ የሚጠፋው ሙቀት የመልሱን ዳገት በከፊል ይችላል ማለት ነው። እንቅፋቶቹም ያንኑ ያህል ተጨባጭ ናቸው። የውርጭ ሌሊት የባትሪን አቅም ይቀንሳል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክ አጥታ በነበረችበት ወቅት፣ ባትሪ የሚሞላበት መስመር ቀርቶ መብራትም አልነበረም። ስለዚህ በላስታ ባትሪ የሚተከልበት ጋራዥ ከጣሪያው ላይ የፀሐይ ኀይል መሰብሰቢያ ሊኖረው፣ መካኒኩም ከካንዴላና ከኩሽኔታ ቀጥሎ የቮልትና የአምፔርን ልክ ማወቅ ሊኖርበት ነው፤ ለእነዚህኞቹ የሚሆነውን የጋራዥ ስም ደግሞ ገና አላወጣላቸውም።